ስለ ፒክአፕ የጎን መረገጫ፤ በማን እግር ልክ እንዲመረጥ



ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ቤት ደጃፍ ደረጃ አሠራር ተናግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከደጃፉ ወጣ ብሎ ስለሚቆመው ስለ መኪና ደረጃ ጥቂት እንናገራለን። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በቤተ ሰብ ላይ ጉዳት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከትልቁ ነገር ሳይሆን ትንሽ ነው ተብሎ ከታለፈው ነገር ነውና እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልን እንለምናለን።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አስቀድመው ጥርሷንና ሰኮናዋን፣ አረማመዷንም ይመለከቱ ነበር። ኮርቻና እርካብ ሲያሠሩ ግን የሚመለከቱት በቅሎዪቱን ሳይሆን የሚቀመጥባትን ሰው ነው። የእርካቡ ጠፍር ለረጅሙ ይረዝማል፤ ለአጭሩም ያጥራል። እርካቡ በብር የተለበጠ ቢሆን እንኳ ቁመቱ ለጌታው እግር ካልተስተካከለ፣ በአደባባይ አንድ እግሩ መሬት አንድ እግሩ ሰማይ ሆኖ ሲንጠለጠል ለመታየት ካልሆነ በቀር ትርፍ የለውም።

ዛሬ በቅሎ የሚጫንበት ቤት አንሶ ፒክአፕ የሚቆምበት ቤት በዝቷል። ፒክአፕም እንደ በቅሎ ከፍ ያለ ነውና ለመውጣት እርካብ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም በሁለቱ ጎን ከበሮቹ በታች የሚታሰረው መረገጫ ነው። ነገር ግን ገዢው ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ የአባቶቹን ጥበብ ይረሳል፤ የሚረግጠውን እግር ትቶ የሚያብረቀርቀውን ብረት ያያል። እኛም ራሳችን በዚህ ስሕተት ስለ ወደቅን፣ ከስሕተታችን የተማርነውን ለሌላው ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

መረገጫ ለመኪና አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቤንትሌ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን፣ በዓለም ላይ ይሠሩ የነበሩት አውቶሞቢሎች ከሠረገላ የተወለዱ ነበሩና ከመሬት ብዙ ከፍ ይሉ ነበር። በአሜሪካም ፎርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1927 ድረስ የሠራው ሞዴል ቲ የተባለው መኪና፣ ከፊተኛው ፓራፋንጎ እስከ ኋለኛው የሚደርስ እንደ ረጅም ሳንቃ ያለ መረገጫ ነበረው። ከዚያ ወዲህ የከተማ መኪና ወለሉ ዝቅ እያለ፣ አካሉም ወደ ጎን እየሰፋ ስለ ሄደ መረገጫው ቀረ። ፒክአፕ ግን ጭነትንና ክፉ መንገድን እንዲችል የተሠራ ነውና ከፍታውን አልተወም። በአገራችን መንገድ እጅግ የታወቀው ቶዮታ ሃይሉክስ መጀመሪያ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ሲሆን፣ በተለይ በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ዓይነት ከፍ ብሎ ይቆማል። እንግዲህ ለፒክአፕ መረገጫ ማለት ጌጥ ሳይሆን በከፍታው ምክንያት የጎደለውን መሙያ ነው።

በእኛ በዲላና በጌዴኦ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ሞያሌ የሚወርደው ዋና መንገድ በዲላ፣ በወናጎና በይርጋ ጨፌ ያልፋል፤ በዚህ መንገድ ላይ የሚመላለስ ሰው እምብዛም ችግር አይገጥመውም። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣ፣ ወይም በይርጋ ጨፌና በኮቸሬ በኩል ወደ ቡና አገር የሚገባ ግን አቀበትና ቁልቁለት፣ ዝናብም በዘነበ ጊዜ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ቀይ ጭቃ ይጠብቀዋል። ቤቶቹ በእንሰትና በቡና፣ ከዚያም በላይ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በተዳፋት ላይ ተሠርተዋል። ይህ ሕዝቡ በብዙ ትውልድ ጥበብ የጠበቀው መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለዓይን ደስ የሚያሰኘው ተዳፋት ግን ለሽማግሌ እግር ፈተና ነው። መኪናው በመንገድ ዳር በቆመ ጊዜ ተሳፋሪው የሚቆመው ወደ ቦዩ ባዘነበለው ጠርዝ ላይ ነውና፣ በሱቅ ደጃፍ በሜዳ ላይ የለኩት ከፍታ በዚያ ስፍራ ይጨምራል።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። ታናሽ ወንድማችን የቡና ነጋዴ ነው። ፒክአፑም በመከር ወራት እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ያመላልሳል፤ በቀረው ጊዜ ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ለቅሶና ወደ ሠርግ ያደርሳል። እናታችን ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ዓመት የተሻገረ ሲሆን በልጅነታቸው በበቅሎ የለመዱ ናቸው። ለዚህ ፒክአፕ መረገጫ እንዲገዛ የተቈረጠው ለእሳቸው ሲባል ነበር። ወንድማችንና እኛ ሱቅ ገብተን ብዙ ዓይነት ካየን በኋላ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ክብ ቱቦ መረጥን። ሻጩ እንዳይዝግ ነገረን፤ ወንድማችን የመኪናውን ቀለም እንደሚያስጌጥ ተናገረ፤ እኛም አዎን አልን። ከሦስታችን አንድ እንኳ ሴንቲሜትር ያወጣ ሰው አልነበረም።

መኪናው ቤት በደረሰ ጊዜ እናታችን ዞር ብለው ተመለከቱትና፣

«ልጆቼ፣ ይህ ለማየት ነው ወይስ ለመርገጥ?» ሲሉ ጠየቁን።

ወንድማችንም፣ «ለሁለቱም ነው፣ እማዬ፤ ይውጡና ይሞክሩት» አላቸው። በደረቅ መሬት ላይ፣ እኛም በሁለት ወገን ደግፈናቸው ስለ ነበር ወጡ። ፈተናው በዚያ ያለቀ መሰለን።

ከዚያ በኋላ በሚያዝያ ወር ወደ ይርጋ ጨፌ ለለቅሶ ሄደን ስንመለስ ዝናቡ አገኘን። እናታችን ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን በቱቦው ላይ ባስቀመጡ ጊዜ እግራቸው ሸርተት አለና ቅልጥማቸው ከብረቱ ጋር ተጋጨ። እግዚአብሔር ይመስገን አጥንት አልተሰበረም፤ ነገር ግን የአረጋዊ ቆዳ ስስ ነውና ቁስሉ እስኪሽር ብዙ ሳምንት ፈጀ። ወንድማችን በድንጋጤ አቅፎ ሊያነሣቸው ቢል፣

«ተው፤ እኔ የቡና ጆንያ አይደለሁም» አሉት።

ቁስሉ ከሻረ በኋላም በዚያ መኪና አልወጣም አሉ። የሴት ልጃቸው ልጅ ክርስትና ሲነሣ ሁላችን ስንሄድ እሳቸው ከቤት ቀሩ። እንዲሄዱ ብንለምናቸው የመለሱልን ይህን ብቻ ነው፦

«በቅሎዬ የጣለችኝ ስትሮጥ ነበር፤ ይህ መኪናችሁ ግን ቆሞ ሳለ ጣለኝ።»

በዚህ ቃል ወንድማችንም እኛም አፈርን። መረገጫውን የገዛነው ለእናታችን ነው ብለን ነበር፤ ነገር ግን የመረጥነው በእሳቸው እግር ሳይሆን በአላፊ አግዳሚው ዓይን ነው። ከዚያ በኋላ የተማርነው እነሆ።

በገበያ የሚገኘው የመረገጫ ዓይነት በጠቅላላው አራት ነው። አንደኛው እኛ የገዛነው ዓይነት ክብ ቱቦ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 7 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ጭቃ አይከማችበትም፤ ጠንካራም ነው። ነገር ግን ክብ ስለ ሆነ የሚሸከመው የእግርን ጫፍ ብቻ ነው፤ ከበሮቹ ትይዩ የተለጠፈውን የጎማ ንጣፍ የሳተ እግርም ይንሸራተታል። ሁለተኛው ከአልሙኒየም ወይም ከብረት ላሜራ የተሠራ ሰፊና ጠፍጣፋ ሳንቃ ነው። ለእግር ከሁሉ ይመቻል፤ ነገር ግን ፊቱ ድፍን ከሆነ ጭቃና ውኃ ይይዛል። ሦስተኛው በድንጋያማ ስፍራ የመኪናውን ጎን ለመጠበቅ የተሠራ ወፍራም ብረት ነው። ከሻንሲው ጋር በጽኑ ይታሰራል፤ የመኪናውንም ክብደት ይችላል። ነገር ግን ድንጋይ እንዳይነካው ወደ ላይ ተጠግቶ የተሠራ ስለ ሆነ የሚያገለግለው መኪናውን እንጂ እግርን አይደለም። አራተኛው በሩ ሲከፈት በኤሌክትሪክ የሚወርድ፣ ሲዘጋም የሚታጠፍ ነው። በንጹሕ ጎዳና እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሞተርና ማጠፊያ ስላለው የጌዴኦ ጭቃ በገባበት ጊዜ ወርዶ መታጠፍ፣ ወይም ታጥፎ መውረድ እንዳያቅተው ያሠጋል።

ከአራቱ የቱ ይሻላል ለሚለን ሰው መልሳችን ሜትር ይዘው ይነሡ የሚል ነው። አስቀድሞ መኪናው ባዶውን በሜዳ ላይ ይቁም። ከመሬት እስከ በሩ ደፍ ይለካ። በእኛ መኪና 62 ሴንቲሜትር ሆኖ ተገኘ። ያ የሚያብረቀርቀው ቱቦ ከመሬት 46 ሴንቲሜትር ላይ ታስሮ ነበር። እንግዲህ እናታችን አስቀድመው 46 መውጣት፣ ከዚያ 16 ብቻ መጨመር ነበረባቸው፤ ከባዱ ሁሉ በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ተጭኗል ማለት ነው። ቱቦው እንዲህ ከፍ ብሎ የታሰረው ከመኪናው አካል ጋር ተጠግቶ ሲታይ ስለሚያምር ነው።

ቀጥሎ የቤቱን ደካማ እግር መለካት ይገባል። የቤታችን ደጃፍ ደረጃ እያንዳንዱ 18 ሴንቲሜትር ነው። እናታችን የበሩን መቃን በአንድ እጃቸው ይዘው ሁለት ደረጃ በአንድ ጊዜ፣ ይኸውም 36 ሴንቲሜትር፣ ያለ ጭንቀት ይወጣሉ፤ ከዚያ በላይ ግን ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የአዲሱ መረገጫ ቁመት በ36 እንዲሆን ተቈረጠ። የቀረው 26 ደግሞ ወደ መኪናው ለመግባት ይቻላል። ሕፃን ያለበት ቤት በሕፃኑ፣ ነፍሰ ጡር ያለችበትም ቤት በእሷ ልክ ይለካ። ደካማው የሚችለውን ብርቱው አያጣውም፤ ብርቱው የሚችለውን ግን ደካማው አይችለውም።

ነገር ግን ለእግር ይመቻል ተብሎ ከልክ በላይ ዝቅ የተደረገ መረገጫ በመንገድ ላይ ከድንጋይና ከጉብታ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ሁለተኛው ልኬት መኪናው ጭነቱን እንደ ተሸከመ ይሁን። ቡና በተጫነ ጊዜ ባሌስትራው ይጎብጥና የኋላው አካል ይወርዳል፤ የእኛው 7 ሴንቲሜትር ወረደ። እንግዲህ ለእግር ሲለካ ባዶውን፣ ለመንገድ ሲለካ ጭነቱን እንደ ያዘ መለካት ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የለካ ሰው ወይ እናቱን ወይ መኪናውን ይጎዳል።

ስለ ስፋቱም፣ የእግር ግማሽ በደኅና እንዲያርፍበት ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው። ከመኪናው አካል እጅግ ከተጠጋ ለእግር ስፍራ አይተውም፤ እጅግ ከወጣ ደግሞ የፊት ጎማ የሚረጨውን ጭቃ ተቀብሎ ለወይዘሮዎች ቀሚስ ያተርፋል። ስለዚህ ከፊት ጎማ ኋላ ፓራፋንጎው ደኅና መሆኑን መመልከት ነው። የመረገጫው ፊት ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ የቀዳዳው ከንፈር ወደ ላይ ከፍ ያለ ቢሆን፣ ጭቃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ጫማም ይይዛል። ጠርዙ ግን ወደ ውስጥ የታጠፈ ይሁን፤ የተሳለ ጠርዝ ቅልጥም ይቈርጣልና።

ስለ ጥንካሬው፣ ሻጩ ሰው ይችላል ሲል ስንት ኪሎ ይችላል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ሰው 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ተሸክሞ ቢረግጠው 140 ኪሎ በአንድ ነጥብ ላይ ይውላል። ባለ አራት በር ለሆነው ፒክአፕ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ ሦስት ደጋፊ ብረት ያስፈልገዋል። እነዚህም ስስ ከሆነው የአካሉ ላሜራ ጋር ሳይሆን ከሻንሲው ጋር በብሎን ይታሰሩ። ብየዳ የሚቀለው መስሎት በቀጥታ ሻንሲው ላይ የሚበይድ ሠራተኛ ቢኖር ይከልከል፤ እሳቱ ብረቱን ያዳክማልና። ሻንሲውን የሚበሳም ቢሆን የፍሬንና የነዳጅ ቧንቧ በዚያ በኩል ማለፉን አስቀድሞ ይመልከት። የአልሙኒየም መረገጫ በብረት ብሎን ሲታሰር በመካከሉ ጎማ ይግባበት፤ ሁለቱ ልዩ ልዩ ብረቶች በእርጥበት ሲነካኩ አልሙኒየሙ ይበላልና። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹ ሁሉ እንደ ገና ይጥበቁ፤ በየጊዜውም ከሥሩ ያለው ጭቃ ይታጠብ።

መረገጫው ብቻውን ግን አይበቃም፤ እጅም የሚይዘው ያሻዋል። በበሩ ውስጥ በኩል ጽኑ መያዣ ከሌለ ይደረግ። የሚወጣም ሰው ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ዘወትር እንደ ያዙ ይውጣ ይውረድ። ነጠላና ቦርሳ አስቀድሞ ለሌላ ሰው ይሰጥ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር። መረገጫ ለመውጫና ለመውረጃ ነው እንጂ ለመሳፈሪያ አይደለም። በመከር ጊዜ በገበያ ቀን ጎልማሶች በሚሄድ ፒክአፕ ጎን ተንጠልጥለው ሲሄዱ፣ ልጆችም ከኋላ ሮጠው ሲዘሉበት እናያለን። ነጂው ለሰው ማዘኑ ነው ብሎ ዝም ይላል። ይህ ማዘን አይደለም። እኛ የችሎት ጸሐፊ እንደ መሆናችን፣ ሰው ከጉዳት በኋላ የሚናገረውን ቃል ስንጽፍ ብዙ ዘመን ቈይተናል፤ «እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም» የሚለው ቃል ግን የወደቀውን አላነሣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081ኛው አንቀጹ፣ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢሆን ኀላፊነቱ እንደማይቀርለት ይደነግጋል። እንግዲህ የመኪና ጌታ የሆነ ሁሉ ለነጂው፣ ሰው በመረገጫ ላይ ቆሞ ሳለ መኪናውን እንዳያንቀሳቅስ፣ በጥብቅ ይዘዘው።

የእኛን ነገር ለመጨረስ፣ ቱቦው ተፈትቶ ተሸጠ። በምትኩ በዚሁ በዲላ አንድ በያጅ ባለ ቀዳዳ ላሜራ ሰፊ መረገጫ ሠራልን፤ ከሻንሲውም ጋር በብሎን አሰረው። ቀለሙ ጥቁር ነው፤ አያብረቀርቅም፤ ዋጋውም ከቱቦው ያነሰ ነበር። ወንድማችን ይህን የመሰለ ነገር ነጋዴ ጓደኞቹ አይተው እንዳይስቁበት ፈርቶ ነበር። እናታችን ግን መጀመሪያ በምርኩዛቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት፤ ከዚያም ነጠላቸውን ለቤታችን እመቤት ሰጥተው፣ መያዣውን ይዘው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ወጥተው ተቀመጡ። ወንድማችን በሩን ሊዘጋላቸው ሲቀርብ፣ «እንግዲህ ንዳ» ብለው አዘዙት። ያን ቀን ክርስትናው ያለፈባቸውን የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ወደ ይርጋ ጨፌ ሄዱ። ከጓደኞቹም የሳቀ አልነበረም፤ አንዱ ብቻ ሜትር ይዞ መጥቶ ቁመቱን ለካና ሄደ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፣ መኪና የሚገዛ ሰው የሞተሩን ጉልበትና የጭነቱን ልክ መመልከቱ መልካም ነው። ነገር ግን ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት በቤቱ ካሉት ሁሉ ደካማውን ሰው ጠርቶ፣ «እግርዎን እስከ የት ማንሣት ይችላሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን የጠየቀ ሰው የሚገዛውን ዓይነት ለማወቅ የሌላ ምክር እምብዛም አያሻውም።

እግዚአብሔር የአረጋውያንን እግር ከመሰናከል፣ የሕፃናትንም እግር ከጥፋት ይጠብቅልን።